ውዝፍ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ሱቅ አለችኝ ጠባብ፣ ዝናብ የምታስገባ።
ስክሪን እቀይራለሁ፣ ቻርጀር እሸጣለሁ፣
የሞተ ባትሪ እፍ ብዬ አስነሳለሁ፤
የሰው ስልክ ሲጮህ ደስ ይለኛል፣ እኮራለሁ፤
የራሴ ሲጮህ ግን፣ አበዳሪ ነውና፣ አጠፋለሁ።

ዕድሜ ሠላሳ ዘጠኝ። ፀጉሬ ከፊት ሸሽቷል፤
ሚስቴ ከነሶፋው ከሄደች ሰንብቷል።
(ሶፋው ይናፍቀኛል። እሷ ደህና ናት አሉ፤
ቡሬ ላይ አግብታ፣ ሁለት ልጆች አሉ።)

ስሜ ይበልጣል ነው። እናቴ ስትሰይመኝ
ከማን እንደምበልጥ ሳትነግር ሄደችብኝ።
የሒሳብ መምህሬ ብቻ፣ ሰሌዳ ፊት አቁሞ፣
«ከዜሮ ይበልጣል!» ይለኝ ነበር ደጋግሞ።

ወር በገባ ባምስት፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት፣
ከውሃ ጽሕፈት ቤት ትመጣለች አንዲት ሴት፤
ሰማያዊ ጋዋን፣ ጫማዋ ጭቃ የጠጣ፣
ጃንጥላዋ እግሩን የተሰበረ ፌንጣ።
ከቆጣሪው ጉድጓድ ቁጢጥ ትልና፣
ሸረሪቱን «ደህና አደርክ?» ብላ በትሕትና፣
ቁጥሩን ትጽፋለች በጎረደች እርሳስ፦
«የሦስት ወር ውዝፍ አለብህ። መቼ ነው የምትጨርስ?»
«የፊታችን ሰኞ» እላለሁ። ሰኞ መጥቶ ያልፋል።
ትስቅ እንደሁ አላውቅም፤ ከንፈሯ ብቻ ይታጠፋል።

የሷን ታሪክ የነገረችኝ ውባንቺ ናት፣ ባለ ሻይ ቤቷ፦
አርባ ሊሞላት ነው። ዕቁብ የደረሳት ለት
እጮኛ ተብዬው ገንዘቧን ይዞባት
መተከል ተሻገረ። «ለሰሊጥ ነው» አላት።
ሰሊጡ አልበቀለም።
እሷ ግን በርቀት
ትምህርት ጀመረች፤ ይኸው ሰባት ዓመት።
አካውንቲንግ ነው አሉ። የሰው ዕዳ ማስላት
ለካ ዲግሪ አለው! ለኔ በነጻ መጣልኝ፣ ያለ ፈተና፣ ያለ ምርቃት።

በሐምሌ ቀናኝና ገንዘብ እጄ ገባ።
ውዝፌን ልከፍል ወጣሁ፤ ግማሽ መንገድ ደረስኩ፤
ሙዝ ገዛሁበትና ሱቄ ተመለስኩ።
ዕዳ ያለበትን ሰው ይፈልጉታልና፤
ከከፈልኩማ ማን ያንኳኳል ደጄን ይመጣና?
(ለማንበብ ትመጣለች፣ እርግጥ።
ግን ያኔ የሚያናግራት ቆጣሪው ነው።)

ነሐሴ አምስት ቀን፣ ሰማዩ ተቀዶ፣
ስልኳ ከደረት ኪሷ ሹልክ ብሎ ወርዶ
ከጉድጓዱ ገባ። ሸረሪቱም ደነገጠ።
እኔ ባለሙያው፣ ልቤ የቀለጠ፣
ሩዝ አጣሁና በጤፍ ቀበርኩላት።
ስልኩ ደረቀላት፤ ጤፉ ገባባት።
ሦስት ቀን ሙሉ በመርፌ ጫፍ ለቀምኩ፣
ከድምፅ ማጉያው ውስጥ አንድ አንዷን፤ አልደከምኩ።

ልትወስድ ስትመጣ ደወልኩና አሳየኋት፤
የቀረች አንዲት ፍሬ ጥሪው ውስጥ ስትንጫጫባት፣
ሳቀች። ጥርሷ ፍንጭት ነው። እስከዚያ ቀን አላየሁም።
«ስንት ነው?»
«የሦስት ወር ውዝፍ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።
«መቼ ልክፈል?»
«የፊታችን ሰኞ።»

ደረሰኝ ልጽፍ ብዬ ስሟን ጠየቅኋት።
«ትብለጥ።»
ብዕሬ ቆመ። ቀና ብዬ አየኋት።
«እኔ ይበልጣል ነኝ።»
«አውቃለሁ፤ መዝገቤ ላይ አለ። ከማን ነው ግን?»
ቆርቆሮው ይንጫጫል። መልስ እንዳይሰማብኝ
ትንሽ ጠበቅሁና፣
«እንግዲያማ» አልኩኝ፣
«ትብለጥ።»

ሰኞ መጣች። ፀሐይ ነበር። አልከፈለችም።
እኔም አልጠየቅሁም።
ከውባንቺ ቤት ሻይ ጠጣን፣ ቀስ እያልን፤
ሒሳብ ሲመጣ ሁለታችንም ኪሳችንን ዳበስን፣
እኔ አንድ ቁልፍ፣ እሷ የጎረደች እርሳስ፣ አገኘን።
ውባንቺ ሳቋን ውጣ የዱቤ ደብተሯን ገለጠች፤
ስማችንን ባንድ መስመር አጠጋግታ ጻፈች፦
ይበልጣል ትብለጥ፣ ሁለት ሻይ፤
ያልተከፈለ።